የሦስት ብር ከሃምሳው ጓጉንቸር

ሦስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ላይ ነበር።

ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። አትሳቁብኝ። በደርግ ጊዜ በሦስት ብር ከሃምሳ አንዲት ደህና ዶሮ ትገዛ ነበር፤ ክርክር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሁለት እንቁላል ያስመርቅባታል። ልጄ አስካለ ግን ዶሮ አልገዛችባትም። ጓጉንቸር ገዛችባት። ነጭ፣ ከባድ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው። ከመርካቶ ነፋስ ስልክ ድረስ በቦርሳዋ ይዛው መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችው።

‹‹አባባ፣ ከእንግዲህ በቃኝ›› አለች።

ምኑ እንደበቃት እንድትረዱ የልጅ ልጄን ሰናይትን ላስተዋውቃችሁ። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፤ ጓዳ ውስጥ ወረቀት ሲቀደድ ግን ትሰማለች። በጣቶቿ ጫፍ ትራመዳለች። አትናገርም፤ ደስ ሲላት ብቻ እንደ ንብ ታንጎራጉራለች። ማንኪያ ካገኘች ማንኪያ፣ ቆርኪ ካገኘች ቆርኪ ትደረድራለች። ከደረደረችው ውስጥ አንዱን ያነሳ ሰው ወዮለት! ጩኸቷ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። ለክቼዋለሁ፤ መቶ አርባ እርምጃ ነው።

ዛሬ ሐኪሞቹ ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ ስም አልነበረውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሁሉም ስም ያወጣለታል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዷ ምላሷ ታስሮ ነው ትላለች፣ ሌላዋ እናቷ እርጉዝ ሳለች ደንግጣ ነው ትላለች። ዘጠኝ ስም ቆጥሬ ተውኩት። አስካለ በበኩሏ በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች፣ ባሏ የጭነት መኪና ይዞ አሰብ እየተመላለሰ፣ ዘጠኙንም ስም ለብቻዋ ትሰማ ነበር።

ጓጉንቸሩ ከመምጣቱ ከሁለት ቀን በፊት ሰናይት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችና ወጣች። ያገኟት አስፋልቱ መሃል ነው። በነጩ መስመር ላይ እግሯን ከእግሯ እያስከተለች፣ እያንጎራጎረች ትሄዳለች። ከኋላዋ ከነተሳቢው የመጣው መኪና ፍሬን ይዞ ቆሞ፣ ሾፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ ያለቅሳል። እሷ ዞር ብላም አላየችው።

ታዲያ አስካለ ብትቆርጥ ይፈረድባታል? ‹‹ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ፤ ልጅቷ እስክታድግ ከቤት አትወጣም›› አለች። እኔም ጠየቅሁ። ቀን ቀን ልጅቷን የምጠብቃት እኔ ነኝ፤ ታዲያ እኔስ የት ልሆን ነው? ‹‹እርስዎማ ከሷ ጋር ይሆናሉ›› አለችኝ። ቁልፉስ? ቁልፉ እሷ ጋ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ሰባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ሚስቴን ቀብሬ፣ ከሀና ማርያም በአህያ ድንጋይ እያመላለስኩ ሸጬ በሠራሁት ቤት፣ ሊቆለፍብኝ! ድሮ ሁለት የሚከራዩ ቤቶችም ነበሩኝ። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ሁለቱንም አስረከብሁ፤ አራት በር፣ ስድስት መስኮት፣ ቆጥሬ። የቀረችኝ አንዲት በር ናት። እሷም ልትቆለፍ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ ብቻ ብዬ ተሟገትሁ ብል ውሸት ይሆናል።

እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጪኝ ብዬ ለመንኋት። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነበር። አስካለ አሰበች፣ አሰበችና ውሏን ነገረችኝ። ‹‹አንድ ቦታ። አንድ ብቻ። ሳትጮህ ሄዳ፣ ሳታለቅስ የምትመለስበት። እሱን ካገኙላት አልቆልፍም።›› ጓጉንቸሩንም አፉን እንደከፈተ በሩ ቀለበት ላይ አንጠለጠለችው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል።

ቀላል መሰለኝ። ልጅ የሚደሰትበት ቦታ ጠፍቶ ነው? በዚህ ከተማ?

እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ ያሰብኩት አንበሳ ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ስድስት ኪሎ ወጣን። መግቢያውን ከፈልኩ፣ ቆሎም ገዛሁ። አንበሳው አገሳ። ልጆቹ ሁሉ እየተንጫጩ እናታቸው ጉያ ገቡ፣ እንደገና ወጡ። ሰናይትስ? ሰናይት ለአንበሳው ጀርባዋን ሰጠችው። ጣቷን ከጎብኚው አጥር ብረት ላይ አኖረችና አንድ በአንድ እየነካች ሄደች። ጫፍ ደረሰች፤ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ዘበኛው መጣና በአዘኔታ፣ ‹‹ጋሼ፣ የልጅቷ ዓይን ደህና ነው?›› አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ‹‹ታዲያ አንበሳው ወዲያ ነው'ኮ!›› አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ለመናገር አንበሳውም እኛን አላየንም። ኋላ ላይ ሰዎች መጥተው ብረቱን ተደግፈው ቆሙ። መስመሯ ተቋረጠ። ጩኸቷን ስታሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አንበሳው ዞር ብሎ አየን። እስከ ነፋስ ስልክ እያለቀሰች ተመለስን። ባዶ።

ሙዚቃ ይሻላል አልኩ። ታንጎራጉር የለ? በቀበሌያችን አዳራሽ የኪነት ዝግጅት ነበረ፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ ነጻ ነገር ደግሞ እወዳለሁ። ከበሮው አንድ ጊዜ ድም እንዳለ ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነችና አግዳሚ ወንበር ሥር ገባች። እናንተ ወጣቶች፣ በዚያ ዘመን ስለ አብዮቱ ሲዘፈን ጆሮ መድፈን የዋዛ ነገር ይመስላችኋል? የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ወንበር ዞሮ አየን። ሲያልቅ ጠራኝ። ‹‹ጓድ ምትኩ፣ ልጅቷ ዘፈኑን አልወደደችውም?›› አለኝ። ‹‹ኧረ ጥርስ እያበቀለች ነው›› አልኩት። ‹‹ስንት ዓመቷ ነው?›› አለ። ‹‹አምስት›› አልኩ፤ ቁጥር መዋሸት አልችልማ! ትክ ብሎ አየኝ። ‹‹አርፍዳለች›› ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ አቶ ጉደታ ትዝ አለኝ። አቶ ጉደታ ሀና ማርያም ማዶ የሚያርስ የድሮ ወዳጄ ነው፤ ድንጋይ ስነግድ አህዮቹን ያከራየኝ ነበር። ጥጃ አለው፣ በግ አለው፣ ቡችላ አለው። የትኛው ልጅ ነው ቡችላ የሚጠላ? ወሰድኋት። ቡችላው እግሯን ላሰ፤ አላየችውም። ጥጃዋ ጠረኗን አሸተተች፤ ሰናይት ፈቀቅ አለች። ከቤቱ ጀርባ ግን የጉደታ ሚስት የቆለለችው ኩበት ነበረ። ሰናይት አየችውና ቆመች። ከዚያ ሥራ ጀመረች። አንዱን ኩበት አንስታ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ከጎኑ፣ ሌላውን ከጎኑ። ከጓሮ ጀምራ እስከ በረቱ በር ስልሳ አንድ ኩበት ደረደረች። የጉደታ ሚስት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ‹‹ምነው ለአንድ ሳምንት ብትተውልኝ፣ ማገዶዬን በሙሉ ታስተካክልልኝ ነበር!›› አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መሽቶብን ስንነሳ ኩበቱ ገና አላለቀም። ያላለቀ መስመር ጥላ ልትሄድ? መቼም ጉደታ እስከ መንገዱ የሸኘን እኔን አክብሮ ሳይሆን ልጅቷን ለመሸከም ነው።

አያችሁ? አጥር፣ ነጭ መስመር፣ ኩበት። ነገሩ ፊት ለፊቴ ተደርድሮልኛል። ሁሉን የሚቆጥር ሰው ነኝ እላለሁ፤ ሦስቱን ደምሬ አንድ ማለት ግን አልቻልኩም። ‹‹እባብ ያየ በልጥ በረየ›› እንደሚሉት፣ መውጣት የሚባል ነገር ራሱ አስፈራኝ። ሁዳዴ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀረው። ጓጉንቸሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ስኳር መጣ ተባለ።

ላልደረሳችሁበት ላስረዳ። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው፤ በደብተር፣ በወረፋ። ወረፋው ደግሞ ሰው ብቻ አልነበረም። ሥራ ያለው ሰው ስንት ሰዓት ይቆማል? ስለዚህ ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ እሱን ሆኖ ይሰለፋል። ባለቤቱ ሄዶ ሽሮውን ያስፈጫል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ይመለሳል፤ ድንጋዩ አንድ እርምጃ ሳይዛነፍ ይጠብቀዋል። ድንጋይ ብቻም አልነበረም። የተጨራመተ ጣሳ፣ ግማሽ ብሎኬት፣ አፉ የተሸረፈ ገንቦ፣ የአንድ እግር ጫማ። ሰዉ ያንን ወረፋ እንደ ኮሶ ነበር የሚጠላው። እኔም ከሁሉ አስቀድሜ። እንኳን ሽርሽር ልለው!

ያን ቀን ግን አስካለ የጠዋት ፈረቃ ነበረች። ስኳሩ ለፋሲካ ያስፈልጋል። ሰናይትን የምተውበት የለኝም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እጇን ይዤ ሄድኩ። ድንጋዬን አስቀመጥሁ፤ ጥሩ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ የነጋዴ ድንጋይ። ቆጠርሁ። ሃያ ዘጠነኛ። ከኔ በኋላም መጡና አርባ ሦስት ሞላ።

እትዬ ብርቄ የምትባል ጠላ ሻጭ አለች፤ ምላሷ ከጠላዋ ይበልጥ ያሰክራል። ጣሳዋን አምስተኛ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ‹‹ጋሽ ምትኩ! ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆነው መጡ? ለልጅቷም ኪሎ ሊያስመዝኑላት ነው?›› አለችኝ። ዓይኔ ልጅቷ ላይ ነው።

ሰናይት እጄን ለቀቀች። አንደኛው ድንጋይ ጋ ሄደች። ጎንበስ ብላ በአንድ ጣቷ ነካችው። ቀጥላ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ጣሳውን። ጫማውን። አርባ ሦስቱን ጨርሳ ተመለሰች፣ እንደገና ጀመረች። በሁለተኛው ዙር ማንጎራጎር ጀመረች። በሦስተኛው ዙር፣ እመኑኝ፣ ሳቀች። ብቻዋን፣ ለተሸረፈ ገንቦ።

ቆሜ አየሁ። ምን ይሆን የምታየው? አልቻልኩም፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክሁና በሷ ቁመት፣ በሷ በኩል አየሁት። መስመሩ ከእግሬ ተነስቶ፣ ታጥፎ፣ ኤሌክትሪክ ምሰሶውን ዞሮ እስከ ሱቁ በር ይሄዳል። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ዝም ብሎ። አይጮህ፣ አይገፋፋ፣ አይለዋወጥ። ሃያ ዓመት ድንጋይ ሸጫለሁ፤ በአህያ ጭነት ቆጥሬ አስረክቤያለሁ። አንዲቷን ድንጋይ ግን አይቻት አላውቅም ነበር።

‹‹ምን ጠፋብዎት?›› አለች እትዬ ብርቄ። ተነሳሁና ሱሪዬን አራገፍሁ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ! ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ። በልቤ ጓጉንቸሩን ተሰናበትሁት። ደግሞም ጎረቤቶቹ አንድ አንድ እያሉ ዕቃቸውን ለኛ አደራ እየሰጡ ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ‹‹ጋሽ ምትኩ ካሉ ምን ችግር አለ፣ እሳቸው ይቆጥራሉ!›› እያሉ። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ያዋርደኛል።

አራት ሰዓት ገደማ ሰዉ ተመልሶ ተሰብስቦ፣ የሱቁ በር ሊከፈት ሲል፣ ከላይ በኩል አቧራ ተነሳ። አቶ ጉደታ ነው። ሰባት አህያ ጭኖ ወደ መካኒሳ እየነዳ። ከኋላቸው ጥሩምባ የነፋ መኪና መጣባቸውና አህዮቹ በረገጉ። ሰባት አህያ፣ ሃያ ስምንት እግር፣ በወረፋችን መካከል! ጣሳው ተንከባለለ፣ ገንቦው ተሰበረ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወጣ። ጉደታ እየሮጠ ደረሰ። ‹‹አቦ ይቅርታ! አህያ ወረፋ አያውቅም!›› ይላል። እትዬ ብርቄ፣ ‹‹ያሳደገውስ መች አወቀ!›› ትላለች።

ከዚያ ሁከት ሆነ። አንደኛ እኔ ነበርኩ፣ የለም እኔ ነበርኩ! ከአርባ ሦስት ሰው ውስጥ አሥራ አንዱ አንደኛ ነበርኩ አለ። የጫማው ባለቤት ጫማውን አንስቶ ሊማታበት ተነሳ። ሰናይት ጆሮዋን ደፍና፣ ከሱቁ ግድግዳ ተጣብቃ ትጮሃለች። በቃ፤ ይኸውና ይህም ቦታ አበቃለት። የበሩ ቀለበት ታየኝ።

በዚህ መካከል አንድ ሰው፣ ‹‹ለምን ጋሽ ምትኩ አይነግሩንም! እሳቸው ቆጥረዋል!›› አለ። ሁሉም ተስማማ። እውነትም ቆጥሬአለሁ። ከአንደኛ እስከ አርባ ሦስተኛ በቃሌ አውቀዋለሁ። መሃል ገባሁና እንደ ዳኛ ማስቀመጥ ጀመርሁ። አንደኛ የማን፣ ሁለተኛ የማን፣ አምስተኛ የእትዬ ብርቄ ጣሳ። ልክ ነው አሉ።

ስድስተኛ ስል ምን እንደነካኝ አትጠይቁኝ። ስኳሩ ለሁሉ እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል። ሃያ ዘጠነኛ ነኝ። ጥርብ ድንጋዬን አነሳሁ። ‹‹ስድስተኛ የኔ›› አልኩና አስቀመጥኋት።

ማን ይጠረጥረኛል? ሰባ ሊሞላ በተቃረበ ዕድሜዬ በቁጥር ተሳስቼ አላውቅማ! ሌባ ለመሆን ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያ አርባ ዓመት መታመን ነው።

ዕቃዎቹ መስመር መያዝ ሲጀምሩ የሰናይት ጩኸት ቀነሰ። እጇን ከጆሮዋ አወረደች። በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች መጣችና መሬት ላይ የተዘራውን ድንጋይ ታነሳ ጀመር። የጫማው ሰውዬ፣ ‹‹ልጅቷን ያዟት፣ ታበላሸዋለች!›› ብሎ ተንደረደረ። እትዬ ብርቄ ክንዱን ያዘችው። ‹‹ተዋት! እስቲ አንድ ጊዜ አፋችሁን ዝጉላት!›› አለች። እትዬ ብርቄ ዝም በሉ ስትል ዝም ነው።

ሰናይት ደረደረች። ግማሹ ብሎኬት ከቀይዋ ድንጋይ ኋላ፤ ጫማው ከብሎኬቱ ኋላ። የገንቦውን ስብርባሪ እንኳ ሰብስባ በቦታው አኖረች። አንድም ጊዜ አላመነታችም። ሰዉ እያየ፣ ‹‹ልክ ነው፣ የኔ ከጫማው በኋላ ነበር›› ይላል። ‹‹የኔም ልክ ነው›› ይላል ሌላው። ሃያ ስምንተኛውን አስቀመጠችና ቆመች። አንድ ዕቃ ጎደላት። ዞራ መስመሩን በዓይኗ ሄደችበት። ከዚያ ቀጥ ብላ ስድስተኛው ላይ መጣች፣ ድንጋዬን ታቅፋ አነሳች፣ ሃያ ዘጠነኛው ቦታ ወስዳ አስቀመጠቻት። በመዳፏም መታ መታ አደረገቻት። ቀሪውን ቀጠለች።

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

አሁን ልብ በሉ። መውጫ ነበረኝ። ‹‹ተዋት፣ ልጅቷ ደህና አይደለችም፣ አታውቅም›› ማለት ብቻ ነው። ሁሉም ያምነኛል፤ ስለ ሷ ዘጠኝ ስም ያወጡት እነሱ ናቸው። ‹‹ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም›› ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ ኪሎ ስኳርና ስሜ በአንድ በኩል። ግን ይህን ካልኩ በኋላ ነገ ማን እዚህ ያስቆማታል? እያወቀች አታውቅም ካልኩባት የጓጉንቸሩን ቁልፍ በገዛ እጄ አዞርኩት ማለት ነው። ቀና ብዬ አየኋት። አርባ ሁለተኛው ላይ ደርሳ እያንጎራጎረች ነው።

‹‹ልጅቷ ልክ ናት›› አልኩ።

‹‹ምን አሉ?›› አለች እትዬ ብርቄ፤ ሰምታኛለች፤ ሌላው እንዲሰማ ነው።

‹‹ልክ ናት። ሃያ ዘጠነኛ ነበርኩ። አህያው አምታቶኝ ነው።››

‹‹እግዜር ያሳይዎት! አህያው ሁሉን ወደ ኋላ ሲጥል እርስዎን ብቻ ሃያ ሦስት ቦታ ወደ ፊት ገፋዎት?››

ሳቁን አልነግራችሁም። ጉደታ እንኳ አህዮቹን ረስቶ ይስቃል። ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ይላሉ፤ የኔ ለማደርም አልታገሠ። ስኳሩ ሃያ ስድስተኛው ሰው ላይ አለቀ። ባዶ ፌስታሌን አጣጥፌ ልጅቷን ይዤ ልሄድ ስል እትዬ ብርቄ ጠራችኝ። ‹‹በሚመጣው ሐሙስ ዘይት አለ። ልጅቷን ይዘዋት ይምጡ›› አለች። ትንሽ አሰበችና፣ ‹‹እርስዎ ባይመጡም ግድ የለም›› አለች።

ማታ አስካለ ስኳሩን ጠየቀችኝ። አልደረሰንም አልኩ። ልጅቷ አልቅሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መሃል ላይ አልቅሳለች አልኩ። ‹‹ታዲያ ውላችን?›› አለች። ውላችንማ ሳትጮህ ሄዳ ሳታለቅስ መመለስ ነው፤ ሳትጮህ ሄደች፣ እያንጎራጎረች ተመለሰች፤ ስለ መሃሉ ማን ተዋዋለ? ብዬ ተከራከርሁ። አላመነችኝም። ‹‹አባባ፣ የሚሰለፍልዎት ሰው ቢያጡ ነው አይደል? ወረፋ መዝናኛ ሆኖ ያውቃል?›› አለችኝ። እኔስ ብሆን በሷ ቦታ አምን ነበር?

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ጸሎተ ሐሙስ ነበር፣ አስካለ ከእንቅልፏ ስትነሳ ሰናይት ልብሷን በግልባጩ ለብሳ፣ ጥርብ ድንጋዬን ታቅፋ በሩ ሥር ቆማለች። አትገፋ፣ አትጮህ። ትጠብቃለች። አስካለ ረጅም ጊዜ አየቻት። ልብሷን አስተካከለችላትና፣ ፈረቃዋን ለወጠች። ጓጉንቸሩንም ከበሩ ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ክፍቱን ተንጠልጥሎ ሰው እንዳይሰርቀው። አብራን መጣች።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ሰዉ ዕቃውን መሬት አላስቀመጠም። በእጁ ይዞ ቆሟል። ሰናይት ስትመጣ እትዬ ብርቄ ጣሳዋን ዘረጋችላት። ‹‹የኔን ተቀበይኝ፣ የኔ እመቤት›› አለቻት። ሰናይት አላየቻትም፤ ጣሳውን ግን ተቀብላ አስቀመጠችው። የጫማው ሰውዬ ጫማውን ሰጣት። እያንዳንዱ በመጣበት ተራ ሰጣት። አስካለ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ለብቻዋ ስትሰማቸው የኖረችው ዘጠኝ ስሞች ያን ቀን አንዱም አልተጠራም። ‹‹ሰናይት›› ብቻ።

የኔ ተራ ደረሰ። ድንጋዬን ልሰጣት ስል እትዬ ብርቄ መሃል ገባች። ‹‹ለርስዎ ድንጋይ አልተፈቀደም! ድንጋይ ከድንጋይ ይመሳሰላል። ሁላችን የምናውቀው ዕቃ ያምጡ!›› አለች። ሰፈሩ በሙሉ ደገፋት። ምን ላምጣ? ኪሴን ዳሰስሁ። ያን ጊዜ አስካለ ከምሰሶው ተነስታ መጣች። ቦርሳዋን ከፈተች። ጓጉንቸሩን አውጥታ በልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው። ሰናይት ክብደቱን መዘነችው። አገላበጠችው። አሥራ ሰባተኛው ቦታ ላይ፣ አፉን እንደከፈተ አስቀመጠችው።

አስካለም ሁለቱን ቁልፎች ለኔ ሰጠችኝ። እኔም ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኋቸው።

ጓጉንቸሩ አሥራ አንድ ሐሙስ ተሰለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ተሰረቀ። አርባ ምናምን ድንጋይ ባለበት መስመር አንድ ሊሰረቅ የሚችል ዕቃ ቢኖር የኔ ነበር። ልጅቷ ትጮሃለች ብዬ ፈራሁ። ዞራ ዞራ ስታጣው በፊቱ የነበረውን ጣሳና በኋላው የነበረውን ድንጋይ አየች፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ባዶ መሬት በመዳፏ ጠረገች፤ ሄደች። ያን ባዶ ስንዝር ማንም አልረገጣትም። በባዶ ስንዝር ተሰልፌ ዘይት ገዛሁ።

እንግዲህ ሂሳቡን ልዝጋው። ኪሳራ፦ የአንበሳ መግቢያና የአራት አውቶቡስ ለሁለት ሰው፤ አንድ ኪሎ ስኳር፤ አርባ ዓመት ያጠራቀምኩት ስም፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ‹‹ጋሽ ሃያ ሦስት›› ነው የሚለኝ፤ ሦስት ብር ከሃምሳ የወጣበት ጓጉንቸር። ትርፍ፦ አንድ ክፍት በር። ደምሬ ቀንሼ ሳየው፣ በዕድሜዬ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ኪሳራ ይህ ብቻ ነው።

ቁልፎቹ ግን ሁለቱም አሁንም እኔ ጋ ናቸው። ጓጉንቸሩን የወሰደው ሰው አንዴ ጠቅ ካደረገው መክፈቻ የለውም። መጥቶ ቢጠይቀኝ እሰጠዋለሁ፣ አልቀየመውም። ግን እንደ ሰው ሁሉ ድንጋዩን ለሰናይት ሰጥቶ፣ ተራውን ጠብቆ ይምጣ።